ማን መደበው? «ጥናት አረጋገጠ» ሲባል ቀድሞ የሚጠየቅ ጥያቄ

በቴሌግራምም ሆነ በሬዲዮ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ዜና ሳይሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ቡና ዕድሜ ያረዝማል፤ አዲሱ ዘር ምርት ያጥፋል፤ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ የተሻለ ውጤት ያመጣል። ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ላይ ተጠና?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የሚቀድመው አለ። ቡና ጠጪውን ከማይጠጣው፣ አዲሱን ዘር የዘራውን ነባሩን ከዘራው የለየው ማን ነው? ሰዎቹ ራሳቸው መርጠው ነው? ሌላ ሰው መርጦላቸው ነው? ወይስ በዕጣ?

ደሴ ዙሪያም ሆነ ቃሉ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። የተሻሻለ ዘር ወደ ቀበሌ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ሞዴል አርሶ አደሮች እጅ ነው። መኸር ሲያበቃ የእነሱ ማሳ ከሌላው የበለጠ ኩንታል ሰጠ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፤ ምስጋናውም ለዘሩ ይሰጣል። ይሁንና ሞዴል የተባለው ገበሬ ቀድሞውኑ ጥንድ በሬ ያለው፣ ደጋግሞ የሚያርስ፣ ማዳበሪያ በጊዜው የሚገዛ፣ አረሙ ሳይበረታ የሚያርም ሰው ነው። ነባሩን ዘር ቢዘራም ጎረቤቱን ይበልጥ ነበር። ከትርፍ ምርቱ ስንቱ የዘሩ፣ ስንቱ የገበሬው ጉብዝና እንደሆነ ከዚያ ሪፖርት ማንም መለየት አይችልም። የገበሬዎቹ ቁጥር ሺህ ቢደርስም ችግሩ እዚያው ነው።

ምልከታና ሙከራ የሚለያዩት በምንድን ነው?

አጥኚው ጣልቃ ሳይገባ፣ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ሲኖሩ አይቶ፣ ጠይቆና መዝግቦ የሚያነጻጽር ከሆነ ሥራው ምልከታዊ ጥናት ይባላል። ማን ምን እንዲያገኝ የወሰነው አጥኚው ከሆነ ደግሞ ሙከራ ነው። ሙከራ ለመባል ላብራቶሪና ነጭ ጋዋን አያስፈልግም፤ ማሳም፣ የመማሪያ ክፍልም፣ ኮምቦልቻ ያለ የልብስ ስፌት መስመርም የሙከራ ቦታ ይሆናል። በተቃራኒው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የ10 ዓመት የሕሙማን ካርድ ተገላብጦ የተጻፈ ጥናት፣ በኮምፒውተር የተሰላ ቢሆንም፣ ምልከታ ነው። ለየትኛው ሕመምተኛ የትኛው መድኃኒት እንደሚታዘዝ የወሰነው በወቅቱ የነበረው ሐኪም ነውና። ሐኪም ደግሞ ጠንከር ያለውን መድኃኒት የሚያዝዘው ሕመሙ ለጠናበት ነው። ስለዚህ ጠንካራውን የወሰዱት በብዛት ቢሞቱ መድኃኒቱ ገደላቸው ማለት አይቻልም።

ጥቂት ቃላትን እዚህ እንያዝ። የሚሰጠው ነገር፣ ዘርም ይሁን ክትባት ወይም የማስተማሪያ ዘዴ፣ ትሪትመንት ይባላል። ትሪትመንቱን የማያገኘው ወይም ነባሩን የሚያገኘው ወገን ማነጻጸሪያ ቡድን ነው። የሙከራ አሃድ የሚባለው ደግሞ ምደባው የሚደርሰው ነገር ነው፤ አንድ ገበሬ፣ አንድ ቁራሽ መሬት፣ አንድ ክፍል። ይቺ የመጨረሻዋ ብዙ ጥናት ታበላሻለች። አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ በ9ኛ «ሀ» ተሰጥቶ ከ9ኛ «ለ» ጋር ቢነጻጸር፣ በሁለቱ ክፍል 120 ተማሪ ቢኖርም አሃዱ ክፍሉ ስለሆነ ያለን ሁለት አሃድ ብቻ ነው። የ«ሀ» መምህር ጎበዝ ከሆነ ዘዴውንና መምህሩን የምንለይበት መንገድ የለንም።

አጎበር ያለው ቤት ወባ ይበዛበታል?

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ከ25 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ርቀት ነው ያላቸው። ሆኖም በሐረጎ ጠመዝማዛ የሚወርደው መንገድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ያወርዳል። በአገራችን ወባ የሚበረታው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ አጎበርም በብዛት የሚገኘው ወደ ታች ነው። አሁን አንድ አጥኚ ከሁለቱም ከተሞች 1,000 1,000 ቤት ወስዶ አጎበር ያለውንና የሌለውን አነጻጸረ እንበል። ቁጥሮቹ ለማብራሪያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው።

ኮምቦልቻ ላይ 800 ቤት አጎበር አለው፤ ከእነሱ 40ው (5 በመቶ) ወባ ገባበት። አጎበር ከሌላቸው 200 ቤቶች ደግሞ 20ው (10 በመቶ)። ደሴ ላይ አጎበር ያላቸው 200 ናቸው፤ ወባ የገባው 1 ቤት (ግማሽ በመቶ) ነው። ከሌላቸው 800 ውስጥ 8 (1 በመቶ)። በሁለቱም ከተማ አጎበር ያለበት ቤት ወባው በግማሽ ያነሰ ነው። ከተሞቹን ቀላቅለን ስንደምር ግን አጎበር ካላቸው 1,000 ቤቶች ወባ የገባባቸው 41፣ ከሌላቸው 1,000 ደግሞ 28 ብቻ ሆነው ይገኛሉ። ይህን ድምር ብቻ ያየ ሰው አጎበር ወባ ያመጣል ብሎ ሊጽፍ ነው።

የትኛውም ቁጥር አልተሳሳተም። ያሳሳተው ከፍታው ነው። ከፍታ በአንድ በኩል አጎበር መኖር አለመኖሩን ይወስናል፣ በሌላ በኩል ወባ መኖር አለመኖሩን ይወስናል። እንዲህ በሁለቱም በኩል እጁን ያስገባ ሦስተኛ ነገር አደናጋሪ ምክንያት ይባላል። መፍትሔውም ከላይ የታየው ነው፤ ደሴን ከደሴ፣ ኮምቦልቻን ከኮምቦልቻ ማነጻጸር። ይህ የሚሠራው ግን አደናጋሪው ታውቆ ከተለካ ብቻ ነው። ከፍታን መለካት ቀላል ነው፤ የእናትን ጥንቃቄ፣ የገበሬን ትጋት፣ የቤተሰብን ተሰሚነት በምን ይለኩታል? ምልከታዊ ጥናት ሁሉ የሚፈተነው ባልለካው ነገር ነው።

ዕጣ ምን ይፈይዳል?

ዕቁብ ውስጥ ዕጣ የሚወጣው የሰብሳቢው ዘመድነትም ሆነ የአባሉ ልመና በተራው ላይ እንዳይገባ ነው። ሙከራ ላይም ዕጣ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ትጉህ ገበሬና ሰነፍ ገበሬ፣ ለም መሬትና ጭንጫ መሬት፣ ወጣትና ሽማግሌ በሁለቱም ቡድን እኩል የመግባት ዕድል ያገኛሉ። ቁልፉ ነገር፣ ዕጣ የምናውቃቸውን ብቻ ሳይሆን ያላሰብናቸውንና ያልለካናቸውንም አደናጋሪዎች ማመጣጠኑ ነው። በስታትስቲክስ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ ከዚህ የሚልቅ ብዙ አላውቅም።

«እንዳመጣልኝ መደብኩ» ማለት ዕጣ አይደለም። ሰው በዓይኑ ሲመድብ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ተስፋ ያደረገበትን ዘር ደህና አፈር ላይ ያኖራል፤ ብርቱ የሚመስለውን ሕመምተኛ ወደ አዲሱ መድኃኒት ይልካል። አንድ ለዚህ አንድ ለዚያ እያሉ በተራ መመደብም ያው ነው፤ ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ መዳቢው ስለሚያውቅ ማንን ቀድሞ እንደሚያስገባ ይመርጣል። ቁርጥራጭ ወረቀት፣ ሳንቲም ወይም ኮምፒውተር ያወጣው የቁጥር ሰንጠረዥ ያስፈልጋል።

ማሳ ላይ እንዴት ይሠራል?

ዘዴው በወጉ የተደራጀው እርሻ ላይ ነው። እንግሊዛዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር ሮታምስተድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጥሮ የማዳበሪያና የሰብል ሙከራዎችን ሲመረምር ነው ሦስቱን ምሰሶዎች ያቆመው፤ በዕጣ መመደብ፣ መደጋገምና በብሎክ መከፋፈል።

ኩታበር አካባቢ ተዳፋት ማሳ ላይ ሦስት አዲስ የስንዴ ዝርያ ከነባሩ ጋር ይነጻጸር እንበል። የተዳፋቱ አናት አፈሩ ታጥቦ የሳሳ ነው፤ ግርጌው ደለል የተኛበትና እርጥበት የሚይዝ። አንዱን ዝርያ ላይ፣ ሌላውን ታች ብንዘራ የምንለካው ዝርያን ሳይሆን ተዳፋቱን ነው። ስለዚህ ማሳው እንደ እርከን አግድም በአራት ይከፈላል። እያንዳንዱ አግድም ቅያስ ብሎክ ይባላል፤ በውስጡ ያለው አፈር ተቀራራቢ ነው። ብሎኩን ከላይ ወደ ታች የዘረጋ ሰው ግን በአንዱ ብሎክ ውስጥ ሳስቶ የሚጀምርና ወፍሮ የሚያልቅ አፈር ስለሚኖረው ድካሙ ከንቱ ነው።

በየብሎኩ አራት ፕሎት (አንድ ዝርያ የሚዘራበት ቁራሽ መሬት)፣ በድምሩ 16 ፕሎት ይለካል። እያንዳንዱ 3 ሜትር በ4 ሜትር ይሁን። በፕሎቶች መካከል ግማሽ ሜትር፣ በብሎኮች መካከል 1 ሜትር መተላለፊያ ይተው። የአራቱ ዝርያዎች ስም በአራት ወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ለመጀመሪያው ብሎክ ከግራ ወደ ቀኝ ዕጣ ይወጣል። ለሁለተኛው ብሎክ ወረቀቶቹ ተመልሰው እንደ አዲስ ይወጣሉ። የመጀመሪያውን ቅደም ተከተል መገልበጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዱ ዝርያ በአራቱም ብሎክ ከዛፉ ጥላ ሥር ወይም ከብት በሚያልፍበት ጠርዝ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ዘሩ በሄክታር 125 ኪሎ ከሆነ ለ12 ካሬ ሜትር 150 ግራም ይደርሳል። በመስመር መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 15 መስመር ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ መስመር 10 ግራም። ይህ ቀድሞ ተመዝኖ በፌስታል መታሸግ አለበት፤ ማሳ ላይ በእፍኝ የተመጠነ ዘር ልዩነቱን ራሱ ይፈጥራል። አረም በብሎክ ይታረም፤ የተጀመረ ብሎክ በዚያው ቀን ይለቅ። ዛሬ ሁለት ዝርያ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሌሎቹን ማረም የአረሙን ጉዳት በዝርያው ላይ መጫን ነው።

በአጨዳ ጊዜ ከዳር ሁለት ሁለት መስመር፣ ከጫፍና ከጫፍ ደግሞ ግማሽ ግማሽ ሜትር ይተዋል፤ ዳር ያለ ሰብል ብርሃንና ቦታ ስለሚያገኝ ከመሐሉ ይልቅ ያፈራል። የሚቀረው 11 መስመር፣ 2.2 ሜትር በ3 ሜትር፣ ማለትም 6.6 ካሬ ሜትር ነው። ከዚያ 2.31 ኪሎ ቢገኝ በሄክታር 35 ኩንታል ይሆናል። ያንኑ 2.31 ኪሎ ለ12 ካሬ ሜትር ያካፈለ ሰው 19 ኩንታል ገደማ ያገኛል፤ በዚህ ስህተት ብቻ ጥሩ ዝርያ ሊጣል ይችላል። እህሉም እኩል ይድረቅ፤ ለስንዴ የተለመደው መመዘኛ እርጥበት 12.5 በመቶ ነው። ዘግይቶ የደረሰው ዝርያ እርጥብ እንደሆነ ከተመዘነ ውኃው እንደ ምርት ይቆጠርለታል። አንድ ፕሎት ከብት ከገባበት «ተበልቷል» ተብሎ ይመዝገብ እንጂ በግምት አይሞላ።

ለምን አራት ጊዜ? በአንድ ፕሎት ብቻ የታየ ልዩነት ከዝርያው ይሁን ከአፈሩ አይታወቅም። ሁለት ዝርያዎች ፈጽሞ እኩል ቢሆኑ እንኳ አዲሱ በአንድ ብሎክ ነባሩን የመብለጥ ዕድሉ ግማሽ ነው። በአራቱም ብሎክ የመብለጥ ዕድሉ ግን ከ16 አንድ፣ በስድስት ብሎክ ከ64 አንድ ነው። መደጋገም ሲበዛ «እንዲያው አጋጥሞት ነው» የሚለው ማብራሪያ ይደክማል። ከአንድ ፕሎት አራት ናሙና ወስዶ መመዘን ግን መደጋገም አይባልም፤ ያንኑ አፈር አራት ጊዜ መለካት ነው።

ፋብሪካም ውስጥ ሕጉ ያው ነው። አዲሱ ማሽን ለቀን ፈረቃ፣ አሮጌው ለሌሊት ከተሰጠ የተለካው ማሽኑና እንቅልፉ ተቀላቅለው ነው። ፈረቃው ብሎክ ይሁን፤ በየፈረቃው ውስጥ ማን በየትኛው ማሽን እንደሚሠራ ዕጣ ይወስን።

ሰው ላይ ሲሆንስ?

እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው የብሪታንያ የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ በሕክምና መንገድ ከፋች ነበር። መድኃኒቱ በአገሩ እጅግ ጥቂት ስለነበር ለሁሉም አይዳረስም፤ ዕጣው ፍትሐዊም ሆነ። ከባድ የሳንባ ነቀርሳ ከነበረባቸው 107 ሕሙማን 55ቱ መድኃኒቱንና የአልጋ ዕረፍቱን፣ 52ቱ ዕረፍቱን ብቻ አገኙ። ምደባው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ስለነበር ሐኪሙ ሕመምተኛውን ከመቀበሉ በፊት ማየት አይችልም ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሞቱ። ራጁን ያነበቡትም ፊልሙ የየትኛው ቡድን እንደሆነ አልተነገራቸውም።

ሰው ከስንዴ የሚለየው ተስፋ ስለሚያደርግ ነው። መድኃኒት ወሰድኩ ያለ ሰው ሕመሙ ቀለል ሊለው ይችላል፤ ተስፋ ያደረገ ሐኪምም መሻሻል ይታየዋል። ለዚህ ሲባል ማነጻጸሪያው ቡድን መልኩና ጣዕሙ አንድ የሆነ፣ መድኃኒትነት የሌለው ነገር ይሰጠዋል፤ ፕላሴቦ ይባላል። ተቀባዩም ሰጪውም ማን የትኛውን እንዳገኘ ካላወቁ ሙከራው በሁለት ወገን ዕውር ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በተደረገው የሳልክ የፖሊዮ ክትባት ሙከራ ነው። ወላጆቻቸው የፈቀዱላቸው 400,000 ገደማ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ የጨው ውኃ ተወጉ። ቁጥሩ የበዛው በሽታው ከመቶ ሺህ ጥቂት አሥሮችን ብቻ ስለሚይዝ ነው። ከተከተቡት ከ100,000 28፣ ጨው ውኃ ከተወጉት 71 ታመሙ። ወላጆቻቸው እምቢ ካሉት ሕፃናት ግን የታመሙት ከ100,000 46 ብቻ ነበሩ። ያልተከተቡ ሁለት ወገኖች፣ አንዱ 71፣ ሌላው 46!

ምክንያቱ ኑሮ ነው። የፈቀዱት በብዛት የተሻለ ገቢ ያላቸው ነበሩ። በድሃ ቤት ያደገ ሕፃን ቫይረሱን የሚያገኘው ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና በሰውነቱ ሳለ ስለሆነ ሳይጎዳ አቅም ያዳብራል፤ በንጹሕ ቤት ያደገው ግን ዘግይቶ ያገኘውና ይጎዳል። የተከተቡት ከእምቢተኞቹ ጋር ተነጻጽረው ቢሆን ክትባቱ ከእውነተኛ ኃይሉ እጅግ አንሶ በታየ ነበር። ፈቃደኛን ከፈቃደኛ ጋር ማነጻጸር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሙከራ በማይቻልበት ጊዜስ?

ወጣቶችን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን 10 ዓመት ጫት ማስቃም ወይም ሲጋራ ማስጨስ አይቻልም፤ ነውርም ወንጀልም ነው። እዚህ ያለን ምልከታ ብቻ ነው፤ እሱም ደረጃ አለው። ደካማው የአንድ ጊዜ ቅኝት ነው። ዛሬ የደሴን የሆጤ ሰፈር ወጣቶች ስለ ጫትና ስለ እንቅልፍ ማጣት ብንጠይቅ ሁለቱ አብረው ቢገኙም የትኛው እንደቀደመ አናውቅም፤ ጫቱ እንቅልፍ ነሥቶት ይሆናል፣ ወይም የተጨነቀው ወደ ጫት ሄዶ ይሆናል። ታማሚንና ጤነኛን ወስዶ ወደ ኋላ ታሪካቸውን መጠየቅ ሁለተኛው ነው፤ ላልተለመደ በሽታ ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም የታመመ ሰው ያለፈውን ከጤነኛው አጥብቆ ያስታውሳል። ሦስተኛው ገና ሳይታመሙ መዝግቦ ለዓመታት መከታተል ነው።

የሲጋራ ጉዳይ በዚህ መንገድ ነው የተፈታው። ብሪታንያውያኑ ተመራማሪዎች ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን 709 ሰዎች ይህ ካንሰር ከሌለባቸው ሌሎች 709 ሕሙማን ጋር አነጻጸሩ። በ1951 ደግሞ 40,000 ገደማ የብሪታንያ ሐኪሞችን የማጨስ ልማድ መዝግበው መከታተል ጀመሩ። ሂል የስትሬፕቶማይሲኑን ዕጣ ያቀደው ሰው ነው፤ የዕጣን ዋጋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም ማጨሱ በበዛ መጠን በሽታው እየበዛ፣ ያቆሙት ላይ አደጋው እየቀነሰ፣ ማጨሱ ከበሽታው በዓመታት እየቀደመ፣ በተለያየ አገርም ይኸው እየተደገመ ሲመጣ ሌላ ማብራሪያ ጠፋ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሳካም። ያረጡ ሴቶች ሆርሞን ቢወስዱ ከልብ በሽታ ይጠብቃቸዋል የሚል ተስፋ ለዓመታት የቆመው በምልከታ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ16,000 በላይ አሜሪካውያት የተመደቡበት የዕጣ ሙከራ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ፤ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉትን ሁለት ሆርሞኖች አጣምረው የወሰዱት የልብ በሽታና የጡት ካንሰር በዝቶባቸው ተገኘ። በምልከታው ሆርሞን ይወስዱ የነበሩት በአብዛኛው ቀድሞም የተማሩ፣ ገቢ ያላቸውና ጤናቸውን የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። የሞዴሉ አርሶ አደር ታሪክ በሌላ መልክ ማለት ነው።

የተጠኑት ሰዎች ማንን ይወክላሉ?

እስካሁን ያልነው ዕጣ ማን ምን እንደሚሰጠው የሚወስነው ነው። ከሕዝቡ ውስጥ ማን ጥናቱ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስን ሌላ ዕጣ አለ፤ ሁለቱ በጣም ይምታታሉ። የመጀመሪያው «ያመጣው ይህ ነገር ነው ወይ?» ለሚለው፣ ሁለተኛው «ለከተማው ሁሉ ይሠራል ወይ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። በበጎ ፈቃደኞች ላይ የተደረገ የዕጣ ሙከራ የመጀመሪያውን አሟልቶ ሁለተኛውን ሊያጣ ይችላል። በደንብ የተመረጠ የቤት ለቤት ጥናት ደግሞ የከተማውን ሁኔታ በትክክል አሳይቶ ምክንያቱን ላይነግረን ይችላል።

ሰኞ ገበያ ቆሞ ያገኙትን 300 ሰው መጠየቅ ደሴን አይወክልም፤ ገበያ የወጣውን፣ የቆመውን፣ መልስ ሊሰጥ የፈቀደውን ነው የሚወክለው። 2,400 ቤት ካለበት ቀበሌ 240 ቤት ከተፈለገ ዝርዝሩን ይዞ ከ1 እስከ 10 ባለው መካከል አንድ ቁጥር በዕጣ ማውጣት፣ ከዚያ በየ10 ቤቱ መሄድ ነው። 7 ከወጣ 7ኛው፣ 17ኛው፣ 27ኛው እያለ ይቀጥላል። በሩ የተዘጋ ቤት ሲገጥም ጠያቂው ወደ ጎረቤት ማለፍ የለበትም። ቀን የሚዘጋው የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ብቻውን የሚኖረው ቤት ነው፤ በጎረቤት ከተተካ እነዚህ ሰዎች ከጥናቱ ሳይታወቅ ይወጣሉ። ማታ ወይም እሑድ ተመልሶ ማንኳኳት፣ ከዚያም ካልተገኙ «አልተገኙም» ብሎ ቁጥራቸውን ከውጤቱ ጎን ማተም ነው።